የመንዝ ሰዎችና የጓሳ ምድር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን ያለፈ መንገደኛ ጣርማ በር ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል፤ አንዱ ጣሊያን በፈለፈለው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርድ፣ ሌላው ወደ ግራ ታጥፎ የገደሉን አፋፍ እየታከከ ወደ መንዝ ያቀናል። እኔ የያዝሁት ሁለተኛውን ነበር። በአገራችን ስለ ዱር አራዊት ጥበቃ በተነገረና በተጻፈ ቍጥር ዘወትር እንደ ባላጋራ የሚቈጠረው ገበሬ፣ በአንድ ስፍራ ግን ከማንም መሥሪያ ቤት ቀድሞና ከማንም የውጭ አገር ሊቅ ሳይማር የራሱን ዱር በራሱ ሕግ ለብዙ ትውልድ ጠብቆ ማቈየቱን ሰምቼ ስለ ነበር፣ ያን ስፍራ በዓይኔ ለማየት፣ የጠባቂዎቹንም ቃል ከአፋቸው ለመስማት እጅግ እመኝ ነበር። ስፍራውም በመንዝ ጌራ ምድር የሚገኘው የጓሳ ምድር ነው፤ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

ወደ መንዝ የሚወስደው መንገድ ለኅሊና ብዙ ነገር ያሳስባል። በቀኝ በኩል ምድር ተቈርጣ ወደ ስምጥ ሸለቆው ትወርዳለች፤ ከታች የሚነሣው ጉምም ገደሉን እየሞላ ወጥቶ መንገዱን አንዳንድ ጊዜ ፈጽሞ ይሰውረዋል። በግራ በኩል ደግሞ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ በጠጕራቸው ብዛት የታወቁት የመንዝ በጎች፣ ከነዚያም ጠጕር በተፈተለው ዝተትና በርኖስ የተጠቀለሉ እረኞች ይታያሉ። የሸዋ መሳፍንት ሐረግ በነጋሲ ክርስቶስ የተነሣበት ይህ አገር፣ ብርዱ የጸና፣ መሬቱ የጠበበ፣ ሕዝቡም ከእጁ የምታመልጠውን እያንዳንዷን ክንድ መሬት የሚያውቅ ነው። እንዲህ ባለ አገር፣ አንዲት ጥማድ መሬት ለብዙ ልጆች በምትሸነሸንበት ምድር፣ ማሳውና ካቡ በድንገት አብቅቶ ሞፈር ያልነካው ሰፊ ሜዳ ፊት ለፊት ሲገለጥ መንገደኛው ሳይወድ በግዱ ይቆማል። አጥር የለም፤ ሽቦ የለም፤ ይሁን እንጂ እርሻው እስከዚህ ደርሶ ከዚህ አላለፈም።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ብሎ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን ደጋ ነው። ስሙን ያገኘው በብዛት ከሚበቅልበት ከጓሳ ሣር ሲሆን፣ ይህ ሣር በጉብታ በጉብታ ሆኖ እስከ ሰው ጕልበት ከዚያም በላይ ያድጋል፤ በመካከሉ ጅብራው እንደ ዐምድ ቀጥ ብሎ ይታያል፣ በየቋጥኙ ሥር ጦስኙ ይሸታል፣ ዝቅ በሚሉት ጥጎች አስታው ይበቅላል። ረግረጉ የዝናቡንና የጉሙን ውኃ መጥጦ ይዞ በበጋ ጥቂት በጥቂት ስለሚለቅቀው፣ ከዚህ የሚፈልቁት ምንጮች ከፊሎቹ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ፣ ከፊሎቹም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። እንግዲህ ጓሳን የሚጠብቅ ሰው ሣሩንና አውሬውን ብቻ አይጠብቅም፤ ስሙን ሰምቶ የማያውቀውን የቆላውን ሰው የውኃ ጽዋም ይጠብቃል።

አበው እንደሚተርኩት አስቦና ጌራ የሚባሉት አቅኚ አባቶች ይህን ምድር በ17ኛው ምእት ዓመት ገደማ ለይተው ለከብት ግጦሽና ለሣር አጨዳ ከለሉት። ዘሮቻቸውም በአጽመ ርስት ወራሽነታቸው መሠረት በሁለት ወገን ተከፍለው፣ በየወገናቸው አለቃ እየመረጡ፣ ቀሮ በተባለው ሥርዐት ያስተዳድሩት ጀመር። የዚህ ሥርዐት ፍሬ ነገሩ መዝጋትና መክፈት ነው። ምድሩ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል፤ በነዚያ ዘመናት ማጭድ አይነካውም፣ መንጋ አይገባበትም፣ ማገዶ አይለቀምበትም። ሣሩ ለክዳን የሚበቃ መሆኑን አለቆቹ አይተው ሲስማሙ ዐዋጅ ይነገርና በበጋው ወራት፣ የካቲት ላይ፣ ይከፈታል፤ ሕዝቡ ሣሩን ያጭዳል፣ ቀጥሎም ከብቱ ይገባል፣ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ምድሩ እንደ ገና ይዘጋል። በመዝጊያውም ዕለት ካህናቱ ታቦት አውጥተው፣ ሕዝቡም ተከትሎ፣ በመዓርግና በጸሎት ወደ ጓሳ ይወጣ ስለ ነበር፣ ክልከላው የአለቆች ትእዛዝ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በእግዚአብሔር ፊት የተገባ ቃል ይሆን ነበር።

ይህን ሥርዐት ባሰብሁ ቍጥር ጾም ይታወሰኛል። ጾመኛ ከምግብ የሚከለከለው ምግብ ርኩስ ስለ ሆነ አይደለም፤ ፋሲካውም እንደሚመጣ ያውቃል፤ የሚጾመውና የሚፈስከውም እሱ ራሱ ነው። የመንዝ ገበሬም ሣሩን በሦስት ዓመት ውስጥ አልነካም ያለው ሣሩን ስለማይፈልገው ሳይሆን በአራተኛው ዓመት በሙሉ ስለሚፈልገው ነው፤ የሚከለከለውና የሚጠቀመው አንድ ሰው በመሆኑም ክልከላው ግፍ ሆኖ አልታየውም። እኔ በዚህ ጕዞ ከተማርሁት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ በዱር ጥበቃ ረገድ ሲሳካም ሲከሽፍም ያየሁት ነገር ሁሉ ወደዚህ ነጥብ ይመለሳል።

በአንዲት የመንደር ደጃፍ፣ ከፀሐይ በኩል፣ አንድ ሽማግሌ ገመድ ሲገምዱ አገኘሁ። ከጎናቸው አንድ ነዶ የጓሳ ሣር፣ ከፊታቸውም ውኃ ያለበት ገል ነበረ። ከነዶው ጥቂት ዘለላ ይመዝዙና በውኃ ያርሱታል፤ ለሁለት ከፍለው በመዳፋቸውና በጭናቸው መካከል እያሻሹ ያከርሩታል፤ ሊያልቅ ሲል ሌላ ዘለላ ይቀጥሉበታል፤ መቀጠያው የት እንደ ሆነ ዓይን አይለየውም። ጥቂት ከተመለከትሁ በኋላ፣ «አባቴ፣ ይህ ሣር ስንት ዓመቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሥራቸውን ሳያቋርጡ፣ «ለዚህ የሚሆነው ሦስት ክረምት የጠጣው ነው፤ ለጋው ይበጠሳል፣ ለክዳንም አይሆን» አሉኝ። ቀጥለውም ስለ ልጅነታቸው ዘመን አወጉኝ፤ ጠባቂ የሚባል ደመወዝተኛ እንዳልነበረ፣ ጕልበት ያለው ባለርስት ሁሉ በየተራው እየወጣ እንደሚጠብቅ፣ ተራው ደርሶ የቀረ ሰው እንደሚቀጣ፣ በዝግ ጊዜ ሣር ያጨደም ሰው ቢገኝ ቅጣቱ ቤቱን እስከ ማቃጠል ይደርስ እንደ ነበረ ነገሩኝ። «አይከብድም ነበር ወይ?» ብላቸው፣ «ከባድ ነበር እንጂ፣ ልጄ! ግን የፈረዱበት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ማንን ይከስሳል?» ሲሉ መለሱልኝ።

ነገር ግን ያለፈውን ዘመን ስናመሰግን ርትዑን ማጕደል የለብንም። ቀሮ የባለርስቶች ሥርዐት ነበር፤ ከአቅኚዎቹ ዘር ያልተወለደ፣ ርስት የሌለው ጭሰኛም ሆነ መጻተኛ፣ በመክፈቻው ቀን ማጭዱን ይዞ የመግባት መብት አልነበረውም። ሴቶችም ማገዶውን የሚለቅሙ፣ ውኃውን የሚቀዱ፣ ስለዚህም የምድሩን ጤና ከወንዶቹ ይልቅ በየቀኑ የሚያውቁ ሲሆኑ፣ በአለቆቹ ሸንጎ ግን ድምፅ አልነበራቸውም። ስለዚህ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ርስቱ ሲሻር ቀሮም መሠረቱን አጣ፤ ከዚያ በፊት ደጅ ቆሞ ይመለከት የነበረውም ሰው «ለሁሉም ከሆነ ለእኔም ነው» ብሎ ቢገባ አይፈረድበትም። የአለቆቹ ሥልጣን በገበሬ ማኅበራት ተተካ፤ ይሁን እንጂ ማኅበራቱ ምድሩን የሚዘጋና የሚከፍት ሥርዐት ይዘው አልመጡም። ሣሩ በየዓመቱ ታጨደ፣ ከብቱ በየወቅቱ ገባ፣ በጠርዙም ማረሻ ተጀመረ። ሁሉም ባለቤት በሆነ ጊዜ ጠባቂ ጠፋ፤ በብዙ ትውልድ የተገነባውም ነገር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተናጋ።

የሚደንቀው መናጋቱ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ነገር በብዙ ስፍራ ደርሷል። የሚደንቀው የአካባቢው ሽማግሎች ሣሩ እየሣሣ፣ ምንጩ እየደረቀ መሄዱን አይተው፣ የተሻረውን ሥርዐት በአዲስ መልክ ለመመለስ መነሣታቸው ነው። በዙሪያው ካሉት ቀበሌዎች የተውጣጣ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ያረጀው የመዝጋትና የመክፈት ልማድም በመተዳደሪያ ደንብ ተጻፈ፤ መብቱ ግን በዘር ሐረግ መሆኑ ቀርቶ በነዋሪነት ሆነ፣ ቀድሞ ያልነበራቸውም ወገኖች ገቡበት። በኋላም የአማራ ክልል መንግሥት ምድሩን የማኅበረሰብ ጥበቃ ክልል ብሎ በሕግ አጸናው፤ የፍራንክፈርት ዞሎጂካል ሶሳይቲም ለእንግዶች ማረፊያ በመሥራትና ጠባቂዎችን በማሠልጠን ረዳቸው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2004 የጓሳ ሰዎች የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ለሚያስተባብረው የኢኳተር ሽልማት ሲታጩ፣ ለዓለም ያቀረቡት ነገር አባቶቻቸው ሲሠሩበት የኖሩት ያ ጥንታዊ ሥርዐት ነበር።

የዚህ ጥበቃ ፍሬ ምን እንደ ሆነ በማለዳ ከአንድ ወጣት ጠባቂ ጋር ወጥቼ አየሁ። የዚያው የመንደሩ ገበሬ ልጅ ነው፤ በኪሱ ደብተር፣ በአንገቱ መነጽር ይዟል። ፀሐይ ብርዱን ገና ሳትሰብረው ጭላዶች ካደሩበት ገደል በመቶ በመቶ እየሆኑ ወደ ሜዳው ወጡ፤ ተቀምጠው ሣሩን በጣታቸው እየነጩ በመዳፋቸው ያከማቹና ወደ አፋቸው ይሰዳሉ፤ ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሩቅ ይለያል። ወዲያው ጠባቂው ክንዴን ነካ አደረገኝና በጣቱ አመለከተኝ። በመንጋው መካከል አንዲት ቀይ ቀበሮ ቀስ ብላ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ በማንም ላይ ሳትፎክር ትራመድ ነበር። ግልገሏን የምታጠባ አንዲት ጭላዳ ቀበሮዋ በአጠገቧ ስታልፍ ቀና ብላ አይታት ወደ ሣሯ ተመለሰች። ቀበሮዋ ቆመች፤ ጆሮዎቿን ወደ ፊት አቀናች፤ የፊት እግሯን አንሥታ ጥቂት ቆየች፤ ከዚያም ዘላ በሣሩ ውስጥ አፍንጫዋን ቀበረች፣ ስትነሣም አይጥ በአፏ ነበረ። «ጋሼ፣ ውሻ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ሁሉም ገደል ገብተው ነበር፤ እሷን ግን ያውቋታል» አለኝ ወጣቱ።

ይህን ነገር ሊቃውንት በዚሁ በጓሳ አጥንተው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2015 አሳትመውታል፤ ቀይ ቀበሮ ብቻዋን ስታድን ከሞከረቻቸው አይጦች የምትይዘው 25 በመቶውን ሲሆን፣ በጭላዶች መካከል ስታድን ግን 67 በመቶ ያህሉን እንደምትይዝ አስልተዋል። በዓለም ሁሉ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 የማይሞሉ በመሆናቸው፣ ይህች እንስሳ እንዴት እንደምትመገብ ማወቅ ራሱ የሕይወትዋ ጕዳይ ነው። ለእኔ ይበልጥ የደነቀኝ ግን ወጣቱ ጠባቂ ጥናቱን ከመስማቱ በፊት ከአባቱ ጋር በግ ሲጠብቅ ነገሩን ያወቀው መሆኑ ነው። አሁንም ያየውን ሁሉ ስፍራውንና ሰዓቱን ጭምር በደብተሩ ያሰፍራል። ምርምር ከመንደሩ ዕውቀት ጋር ሲጋጠም ምን ያህል እንደሚጠቅም እንዲህ ባለው ደብተር ላይ ይታያል፤ ከሕዝቡ የተወሰደው ወደ ሕዝቡ ይመለሳል፣ ጠባቂውም የሚጠብቀውን ነገር ምንነት ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ይሆናል።

የቀረው ችግር ግን ቀላል አይደለም። ቀይ ቀበሮ አልፎ አልፎ ግልገል ትወስዳለች፤ አንዲት በግ ለሀብታም ጥቂት ብትመስል ለድኻ የዓመት ተስፋ ናት። ከመንደር የሚወጡት ውሾች ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣሉ፤ ይህ በሽታ በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ እየገባ ቀበሮዎችን ስለ ጨረሰ፣ ውሻን መከተብ ቀበሮን ከመጠበቅ እኩል ይታያል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን በየመንደሩ እየበዛ የመጣው የቆርቆሮ ክዳን ነው። ቤቱን በቆርቆሮ የከደነ ሰው የጓሳ ሣር አያስፈልገውም፤ ገመዱን ከሱቅ፣ የዝናብ መከላከያውን ፕላስቲክ ከገበያ የሚገዛ ሰው፣ አባቱ ለገሳው ሣር ያጨደበትን ምድር ለመዝጋት በምን ምክንያት ይጨነቃል? ቆርቆሮ መጥፎ ነው አልልም፤ የገበሬውን ኑሮ ያቀለለ ነውና ይገባዋል። ነገር ግን ቀሮ የቆመው ሣሩ ስለሚያስፈልግ ነበረ፤ ያ ምክንያት ሲጠፋ ሌላ ምክንያት ካልተተካ፣ ሕጉ ብቻውን ምድሩን አያቆየውም።

በሌላ በኩል ከሕዝቡ ጋር ሳይመክሩ የተከለሉ ስፍራዎች ምን እንደ ገጠማቸው እናውቃለን። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1969 ሲቋቋም በውስጡ የሚያርሱና የሚያሰማሩ ገበሬዎች ነበሩ፤ ዋሊያው ከአደን ሊድን ቢችልም በፓርኩና በነዋሪው መካከል የነበረው ውዝግብ ብዙ ዘመን ቀጠለ። በዚሁ አቈጣጠር በ1996 ስፍራው በአደጋ ላይ ካሉት የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደረገ፣ በ2017 ደግሞ ስፍራው ከዚያ መዝገብ ወጣ። የዱር አራዊቱ ቢተርፍ ደስ ይለናል፤ ይሁን እንጂ ከአባቶቹ ቦታ የወጣው ሰው የከፈለው ዋጋ በመዝገቡ አልተጻፈም። የጓሳ ሰዎች ያሳዩን ሌላ መንገድ አለ ማለት ነው፤ በእርግጥ የጓሳ ምድር ከጥንት ጀምሮ፣ ኋላ ከታረሰው ጠርዙ በቀር፣ ማሳ ያልነበረበት፣ መንደር ያልተሠራበት በመሆኑ ከስሜን የሚለይበት ነገር አለ፣ ይህንንም ሳይሸፍኑ መናገር ያስፈልጋል።

እንግዲህ ለዚህ ሥራ ሥልጣን የተሰጣቸው ሰዎች አንድን ዱር ሊከልሉ በተነሡ ጊዜ ካርታውን ከመዘርጋታቸው አስቀድመው ይህን ዱር እስከ ዛሬ ማን ጠበቀው ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው። ጠባቂው ከታወቀ በኋላ የመዝጋቱን ሥልጣን ከመክፈቱ ሥልጣን ጋር አብረው ይስጡት፤ የመዝጋቱን ሸክም ለገበሬው፣ የመክፈቱን ጥቅም ለሌላ ካደረጉት ሥርዐቱ አይጸናም። ወደ ጓሳ የሚመጣው እንግዳ ለማረፊያው የሚከፍለው ገንዘብ፣ በጎች የተበሉባቸው ሰዎች የሚያገኙት ካሣ፣ ውሾች የሚከተቡበት ክትባት፣ ወጣቱ ጠባቂ የሚያገኘው ደመወዝ፣ ሁሉም በአደባባይ የሚቈጠሩ፣ ለሁሉም በትክክል የሚደርሱ ሊሆኑ ይገባል። ድኻውና ሴቷም በሸንጎው ቀድሞ የነበራቸውን ዝምታ እንዳይደግሙት ድምፃቸው በደንቡ ውስጥ ይጻፍ። እንዲህ ከሆነ የቆርቆሮ ቤት ያለው የመንዝ ወጣትም ጓሳን የሚጠብቅበት ምክንያት ያገኛል፤ አያቱ ለክዳን ሲል የዘጋውን ምድር እሱ ለውኃው፣ ለደመወዙና ለልጁ ሲል ይዘጋዋል። ሥራውም ከባድ ነው፤ ግን አስቦና ጌራ ከሠሩት አይከብድም፤ እነሱ ከባዶ ጀመሩት፣ እኛ ግን የቆመ ሥርዐት ወርሰናል።